መጨረሻውን ማወቅ ምን ነውር አለው?

ሰሞኑን «ስኳር የበዛባቸው ፊልሞች» በሚል ርዕስ የወጣ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቷል። ቋንቋው ያማረ ነው፤ የጸሐፊው ቁጣም ከልብ እንደሆነ ያስታውቃል። ክሱ ሲጠቃለል አምስት ነው። አስቂኝ የፍቅር ፊልም መጨረሻው ከፖስተሩ ስለሚታወቅ የሰነፎች ሥራ ነው፤ ወጣቱን በሌለ ፍቅር እያማለለ ያለውን ትዳር ያስንቀዋል፤ የፈረንጅ ቅጂ ስለሆነ ወግንና ቤተሰብን ያስረሳል፤ ሀገር መከራ ላይ ሳለች እየሳቁ ከሲኒማ መውጣት ግዴለሽነት ነው፤ ዞሮ ዞሮ ነገሩ የሴቶችን እንባ እየሸጠ የሚያተርፍ ንግድ ነው። ከዚህ ሁሉ ፍርድ አንድ ፊልም ብቻ በነጻ አሰናብተዋል። እሱን ለመጨረሻ አቆየዋለሁ፤ የገዛ ክሳቸውን የሚያፈርሰው እሱ ነውና።

እኔ የእነዚህ ፊልሞች ወዳጅ ነኝ፤ አላፍርበትም። ሁሉም ጥሩ ናቸው አልልም። ግማሾቹ ባይሠሩ ኖሮ ማንም ምንም አይጎድልበትም ነበር። ግን ይህ ከየትኛው ዘውግ ይጠፋል? ከጦርነት ፊልሞችስ ስንቱ ነው ጥይቱ ሲያልቅ አብሮ የሚረሳው?

ዋናው ክስ የመጀመሪያው ስለሆነ እሱ ላይ ልቆይ። «ሁለቱ እንደሚጋቡ እያወቁ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብሎ ማየት ምን ይባላል?» ሲሉ ይጠይቃሉ። ሰርግ ይባላላ! ሚዜዎቹ ሙሽራውን አጅበው የሙሽሪት ደጃፍ ሲደርሱ የሚሆነውን የማያውቅ ማን ነው? የሙሽሪት ወገኖች በሩን ይዘው «አናስገባም ሰርገኛ፣ እደጅ ይተኛ» እያሉ ይዘፍናሉ። ሰርገኛው ደጅ እንደማያድር ዘፋኞቹም ሚዜዎቹም ያውቃሉ፤ ድንኳን ውስጥ ምሳውን የሚጠብቀው እንግዳም ያውቃል። ቢሆንም ከሰርጉ ሁሉ የሚደምቀው ያ የበር ላይ ግብግብ ነው። ማን ገፋ፣ ማን አልበገር አለ፣ የትኛው ሚዜ ምን ብሎ መለሰ፤ በኋላ ሲወራ የሚከርመው ይሄ ነው። ሚዜዎቹ ያለ ከልካይ ዘው ብለው ቢቀመጡ ደስ የሚለው ማን ነው?

መጨረሻው ሲታወቅ ሥጋቱ ይወጣልናል፤ ልባችንም «ምን ይመጣ ይሆን» ከሚለው ተላቅቆ አመጣጡን ማየት ይጀምራል። ጎበዝ ዳይሬክተር ይህን ስለሚያውቅ መጨረሻውን ለመደበቅ አይደክምም። ፍራንክ ካፕራ በ1934 የሠራውን «ኢት ሃፕንድ ዋን ናይት» እንውሰድ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። የባለጸጋ ልጅ ከአባቷ አምልጣ በአውቶቡስ ትጓዛለች፤ ከሥራው የተባረረ ጋዜጠኛ አብሯት ይሳፈራል። ገንዘብ አጥሯቸው በአንድ የመንገድ ዳር ማረፊያ አንድ ክፍል ሊጋሩ ሲገደዱ፣ ሰውየው በሁለቱ አልጋዎች መካከል ገመድ ወጥሮ ብርድ ልብስ ይሰቅልበታል። ስሙንም የኢያሪኮ ግንብ ይለዋል፤ እኔ እንደ ኢያሱ መለከት ስለሌለኝ አትስጊ ይላታል። መጽሐፈ ኢያሱን በስሚ ስሚ እንኳ የሚያውቅ ተመልካች ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ግንቡ መውደቁ እንደማይቀር ገብቶታል። ፊልሙ መጨረሻውን ራሱ ነገረን እኮ!

ታዲያ ከዚያ በኋላ ምን እናያለን? ዶናት ቡና ውስጥ እንዴት እንደሚነከር ለሚሊየነሯ ልጅ እንደ ትልቅ ሙያ የሚያስተምር ወንድ። ሊፍት ለመጠየቅ አውራ ጣትን የማውለብለብ ጥበብ በየዓይነቱ አለኝ ብሎ ሲፎክር አንድም መኪና የማይቆምለት ወንድ፤ እሷ ቀሚሷን ትንሽ ከፍ አድርጋ እግሯን ስታሳይ የመጀመሪያው መኪና ፍሬኑን ይይዛል። ከሁሉ የምወደው ግን አባቷ የላካቸው መርማሪዎች ክፍላቸውን የሚያንኳኩበትን ትዕይንት ነው። ሁለቱ ምንም ሳይመካከሩ ባልና ሚስት ሆነው ይጣላሉ። እሱ ይጮኻል፣ እሷ ታለቅሳለች፣ የድሮ ቂም ይጎተታል፤ መርማሪዎቹ አፍረው ይወጣሉ። በሩ ሲዘጋ ሁለቱም በሳቅ ይፈርሳሉ። ገና ያልተዋደዱ ሰዎች እንደ አሮጌ ትዳር መጣላት ቻሉ። ለእኔ ፍቅሩ የጀመረው እዚያ ላይ ነው፤ ከመሳሳሙ ከብዙ ጊዜ በፊት። መጨረሻ ላይ ደግሞ ካሜራው ወደ ሁለቱ አይጠጋም እንኳ። ከውጭ ሆነን የአሻንጉሊት ጥሩምባ እንሰማለን፤ ብርድ ልብሱ መሬት ይወድቃል፤ አለቀ። በምርጥ ፊልም፣ በዳይሬክተር፣ በወንድ ተዋናይ፣ በሴት ተዋናይና በስክሪፕት አምስቱንም ዋና ዋና የኦስካር ሽልማቶች በአንድ ጊዜ በመጠቅለል የመጀመሪያው ፊልም ይህ ነው። የሰነፍ ሥራ ከሆነ ያ ስንፍና ለሁላችንም ይሰጠን።

ደግሞስ መርማሪው ገዳዩን እንደሚይዝ፣ ጀግናው ከሕንፃው ላይ ዘሎ እንደማይሞት እናውቅ የለም? ያን ሲያዩ «መጨረሻው ይታወቃል» ብሎ የተነሣ ሰው አልገጠመኝም። ፍቅር ሲሆን ብቻ ነው ማወቅ ወንጀል የሚሆነው።

ጸሐፊው በመሀል «ብልግና» የምትል ቃል ጣል አድርገው አልፈዋል፤ እኔም ጣል አድርጌ ልለፍ። ካፕራ ያን ፊልም ባወጣበት ዓመት አጋማሽ ላይ የሆሊውድ ስቱዲዮዎች ሄይስ ኮድ የተባለውን የሥነ ምግባር ደንብ በጥብቅ ማስከበር ጀመሩ። ወንድና ሴትን በአንድ አልጋ ላይ ማሳየት ቀረ ማለት ይቻላል፤ ተጋብተውም ቢሆን። የደራሲዎቹ መልስ ምላስን መሳል ነበር። በ1930ዎቹ ማብቂያና በ1940ዎቹ መግቢያ የተሠሩት የፍቅር ኮሜዲዎች ከዳር እስከ ዳር እንካ ስላንትያ ናቸው፤ ሁለቱ ሰዎች የሚፈላለጉት በቃል ነው፣ የሚሸናነፉትም በቃል። አማርኛ ተናጋሪ ሆኖ ይህን ጥበብ የሚንቅ ሰው ሲገጥመኝ ይገርመኛል።

ሁለተኛው ክስ ሐሰተኛ ተስፋ ነው። «ወጣቶቻችን በመጀመሪያ እይታ የሚይዝ ፍቅር እየጠበቁ ዕድሜያቸው አለፈ» ይላሉ። በዚህ ዘውግ ውስጥ ምናልባት ከሁሉ የበለጠ የሚጠቀሰው ፊልም ሮብ ራይነር በ1989 ያወጣው፣ ኖራ ኤፍሮን የጻፈችው «ዌን ሃሪ ሜት ሳሊ» ነው። እስቲ የመጀመሪያው እይታ እዚያ ውስጥ ምን እንደሚመስል እንይ። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲ ጨርሰው ከቺካጎ ኒውዮርክ ድረስ መኪና ይጋራሉ፤ መንገዱን ሁሉ ተነታርከው እፎይ ብለው ይለያያሉ። ከዓመታት በኋላ ተገናኝተው አሁንም አይጥማቸውም። እንደገና ዓመታት አልፈው አንዱ ከትዳሩ፣ ሌላዋ ከፍቅረኛዋ ተለያይተው ሲገናኙ ነው ወዳጅነት የሚጀምሩት፤ እሱም ወዳጅነት ብቻ፣ ሌሊት በስልክ የሚያወሩበት። ሲጋቡ ከመጀመሪያው ቀን አሥራ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆኗቸዋል። ከዚህ ፊልም የችኮላ ፍቅር የተማረ ወጣት ካለ ፊልሙን በማፍጠኛ ነው ያየው።

በዚያው ፊልም ውስጥ፣ በየምዕራፉ መሀል፣ አረጋውያን ባልና ሚስቶች ሶፋ ላይ ተቀምጠው እንዴት እንደተጋቡ ያወራሉ። ተናጋሪዎቹ ተዋንያን ናቸው፤ ታሪኮቹ ግን ከእውነተኛ ሰዎች የተሰበሰቡ ናቸው። ከእነሱ አንዱ ቻይናዊ አዛውንት ነው። አንድ ሰው ጥሩ ልጅ አግኝቼልሃለሁ ብሎ ሲያጭለት፣ ያላየሁትን ሰው አላገባም ብሎ ተደብቆ ወደ መንደሯ ይሄዳል፤ ከርቀት ያያታል፤ ደስ ትለዋለች፤ ተመልሶ እሺ ይላል። ከሃምሳ ዓመት በላይ አብረው ኖረዋል፤ እሱ ሲያወራ ሚስቱ ጎኑ ቁጭ ብላለች። ይህን የሰማ ሀበሻ አያቶቹን ሳያስታውስ አይቀርም። ጸሐፊው ግን በሽምግልና የሚመሠረት ትዳር በእነዚህ ፊልሞች ይናቃል ብለው ጽፈዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። የዚህ ፊልም የመጀመሪያ ስክሪፕት ሁለቱን ለያይቶ ነበር የሚያልቀው። ዳይሬክተሩ ያኔ ከፍቺ በኋላ ለዓመታት ብቻውን የኖረ ሰው ነበርና ሌላ መጨረሻ አልታየውም። ቀረጻው ላይ ሳለ ግን በኋላ ሚስቱ የሆነችውን ሴት አገኘ፤ መጨረሻውም ተቀየረ። ከሕይወት የመጣው ደስተኛው መጨረሻ ነው። አሳዛኙ ወረቀት ላይ ብቻ ቀረ።

እንዲያም ሆኖ ጸሐፊው የዘለሉት እውነተኛ ጥፋት በዚህ ዘውግ ውስጥ አለ፤ እኔ ላንሳላቸው። እምቢታን የማይሰማ ወንድ ነው። በ2003 በወጣው «ላቭ አክቹዋሊ» አንድ ሰው በገና ዋዜማ የጓደኛውን ሚስት ደጃፍ ቆሞ፣ ባልዋ ሳሎን ቴሌቪዥን እያየ፣ በትልልቅ ካርቶን የጻፈውን ፍቅሩን አንድ በአንድ ያሳያታል። ከኋላው መዝሙር ይዘመራል፣ እኛም እንድናዝንለት ይጠበቃል። እንዲህ ያለውን ሰው እኛ ሰፈር ሽማግሌ ይላክበታል እንጂ አይጨበጨብለትም። በአማርኛ ፊልሞችም ልጅቷን ከታክሲ እስከ ቢሮዋ፣ ከቢሮዋ እስከ ቤቷ እየተከተለ በመጨረሻ «ያሸነፈ» ጎረምሳ ስንት ጊዜ አይተናል? ጠለፋ ተረት ባልሆነበት ሀገር ይህ ቀልድ አይደለም። ጸሐፊው ይህን ቢጽፉ ኖሮ መልስ ሳይሆን ፊርማዬን ነበር የምጨምርበት።

ግን ጠለፋን መድረክ ላይ አውጥቶ መሳቂያ ያደረገውስ ማን ነው? መንግሥቱ ለማ፣ በ«ጠልፎ በኪሴ»። በምንስ አደረገው? በኮሜዲ። ይህ በቀጥታ ወደ ሦስተኛው ክስ ይወስደኛል፤ «የፈረንጅ ቅጂ» ወደሚለው።

የፍቅር ኮሜዲ አዲስ አበባ የገባው በዲቪዲ አይደለም። በንጉሡ ዘመን የመንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ» ታይቷል። ውጭ ሀገር ተምሮ የመጣ የትልቅ ቤት ልጅ የቤት ሠራተኛውን ያገባል፤ ዘር የሚቆጥሩት ዘመዱ ይሄን ሲሰሙ የሚሆኑትን ሁላችንም መገመት እንችላለን። ፍቅር አለ፣ ሳቅ አለ፣ ደግሞ በሳቁ ውስጥ ማን ከማን ጋር ማዕድ ይቀርባል የሚል ጥያቄ አለ። ተመልካቹ ከልቡ ሳቀ፤ ከሳቀው ተመልካች ውስጥም እንደ ዘመዲቱ የሚያስቡ አይጠፉም ነበር። አንድ ሰው በገዛ አቋሙ ላይ እንዲስቅ ማድረግ የኮሜዲ ሙያ ነው፤ ስብከት ይህን አይችልም።

የዛሬዎቹ የአማርኛ አስቂኝ የፍቅር ፊልሞች ከዚያ ደረጃ ወርደዋል ከተባልኩ አልከራከርም። ቪላ ቤት፣ ነጭ ሶፋ፣ ማኪያቶ፣ ከአሜሪካ የመጣ ዲያስፖራ፣ ምክንያቱ የማይታወቅ ረጅም የመኪና መንዳት፤ ሙዚቃው እስኪያልቅ መሆን አለበት። ግን ይህ የመጻፍ ስንፍና ነው። መድኃኒቱ ስክሪፕቱን ደግሞ መጻፍ ነው እንጂ ዘውጉን መቅበር አይደለም።

«ቤተሰብን ያስረሳል» ለሚለው ደግሞ ሁለት ፊልሞች ይበቁኛል። አንዱ በ1995 የወጣው የህንዱ «ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ» ነው። ሻህሩክ ካንና ካጆል የሚሠሩበት ይህ ፊልም ሙምባይ ውስጥ ማራታ ማንዲር በተባለ ሲኒማ ቤት ለአሥርት ዓመታት ሲታይ ኖሯል፤ በኮሮና ጊዜ ተቋርጦ እንደገና ቀጥሏል። በቪዲዮ ቤት የህንድ ፊልም ያደገ ኢትዮጵያዊ አስተዋውቀኝ አይለኝም። ልጅቷ ለንደን ያደገች ናት፤ አባቷ ግን ፑንጃብ ላለ የልጅነት ጓደኛው ልጅ ቃል ገብቶባታል። ፍቅረኛዋ እዚያ ድረስ ተከትሏት ይሄዳል። አሁን ተመልከቱ፦ እናትየው የልጇ ነገር አሳዝኗት ጌጣጌጧን አውጥታ «ይዘሃት ጥፋ» ትለዋለች። እሱ እምቢ ይላል። አባቷ በገዛ እጃቸው ካልሰጡኝ አልወስዳትም ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው የፊልሙ ክፍል በሙሉ አንድ ወጣት የአንድ ቁጡ አባት ይሁንታ ለማግኘት የሚያየው አበሳ ነው። ይህ ቤተሰብን ማስረሳት ከሆነ ማስታወስ ምን ሊመስል ነው?

ሌላው በ2002 የወጣው «ማይ ቢግ ፋት ግሪክ ዌዲንግ» ነው። ኒያ ቫርዳሎስ መጀመሪያ ብቻዋን መድረክ ላይ የሠራችው የገዛ ቤተሰቧ ታሪክ ነው። ቺካጎ ያደገች፣ ሠላሳ ዓመት የሞላት፣ የቤተሰቧ ምግብ ቤት ውስጥ የምትሠራ ግሪካዊት ልጅ ግሪክ ያልሆነ ሰው ትወዳለች። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ሚኒያፖሊስ ያደጉ የሀበሻ ልጆች ይህን ፊልም ሲያዩ ለምን እንደሚጮኹ ለመረዳት ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። አባትየው ለቁስልም ለሽፍታም የመስኮት ማጽጃ ይረጫል፤ የእኛ አባቶች ጤናዳምና ዳማከሴ እንደሚያዙት ሁሉ በፍጹም እምነት። ሰውየው ሥጋ አልበላም ሲል ድግሱ ጸጥ ይላል፤ ከዚያ አክስቲቱ ግድ የለም፣ በግ እሠራለታለሁ ትላለች። ሙሽራው ልጅቷን ለማግባት ጎልማሳ ሆኖ በኦርቶዶክስ ቤተክርስቲያን ይጠመቃል። የእሱ እናት መሀሉ ክፍት የሆነ ኬክ ይዛ ስትመጣ የልጅቷ እናት ግራ ገብቷት ቀዳዳው ውስጥ የአበባ ማሰሮ ታስቀምጥበታለች። በመጨረሻ አባትየው ለሙሽሮቹ ቤት ይገዛላቸዋል። የት? ከራሱ ቤት አጠገብ!

ያን ሁሉ ሰዓት የምንስቀው ከቤተሰብ ስለተገላገለች አይደለም። ልትገላገላቸው እንደማትችልና እንደማትፈልግም ስለገባን ነው። ዲያስፖራ ሆኖ ልጅ ያሳደገ ሰው ይህን ከየትኛው ቁም ነገረኛ ፊልም እንዳገኘ ይንገረኝ።

አራተኛው ክስ ከባዱ ነው፤ ቀለል አድርጌ ልመልሰው አልችልም። ሀገር ታምማ መሳቅ ይቻላል ወይ? ጸሐፊው ይህን የጠየቁት በቅንነት ነው፤ ብዙዎቻችንም ጠይቀነዋል። መልሴ ግን ፊልም ቤት የገባው ሰው ማን እንደሆነ ይረሳሉ የሚል ነው። መከራው የሌለበት ሰው ብቻ የሚገባ አስመስለውታል። ወንድሙ የት እንዳለ የማያውቅ፣ የቤት ኪራይ የጨመረበት፣ ሐዘን ላይ የከረመም ይገባል። መከራውን በር ላይ አስቀምጦ አይደለም፤ ይዞት ነው የሚቀመጠው።

የካፕራ ፊልም በወጣበት በ1934 አሜሪካ ውስጥ ከአምስት ሠራተኛ አንዱ ሥራ አልነበረውም። በአውቶቡሱ ላይ እንኳ አንድ ልጅ እናቱ በረሃብ ራሷን ስትስት ሲያለቅስ ይታያል፤ ጋዜጠኛውና ልጅቷ የነበራቸውን ገንዘብ ይሰጡታል። ኮሜዲው ድህነቱን አልሸፈነውም፤ በመሀሉ ነው ያለፈው።

ይህን ክርክር ራሱን ፊልም ያደረገውም አለ። ፕሬስተን ስተርጅስ በ1941 በሠራው «ሰሊቫንስ ትራቭልስ» ውስጥ በኮሜዲ የከበረ ዳይሬክተር እንደ እኛ ጸሐፊ ኅሊናው ይወቅሰዋል። ሕዝብ እየተራበ እኔ ቀልድ እሠራለሁ? ብሎ የድሃውን ኑሮ ለማወቅ የተቀዳደደ ልብስ ለብሶ ይወጣል። በአጋጣሚዎች ሰንሰለት እውነተኛ እስረኛ ሆኖ ጉልበት ሥራ ካምፕ ይገባል። አንድ ማታ የድሃ ጥቁሮች ቤተክርስቲያን እስረኞቹን ፊልም እንዲያዩ ይጋብዛል። እግራቸው በሰንሰለት እንደታሰረ ገብተው ይቀመጣሉ፤ የሚታየው የዲዝኒው ውሻ የፕሉቶ ካርቱን ነው። መጀመሪያ እስረኞቹ ይስቃሉ። ዳይሬክተሩ ዙሪያውን ያያል፤ ከዚያ የራሱ ሳቅ ያመልጠዋል፤ እየሳቅሁ ነው ወይ? ብሎ ጎኑ ያለውን ሰው ይጠይቃል። ነጻ ሲወጣ ያን ታላቅ የመከራ ፊልም እንዲሠራ ሁሉም ይለምኑታል፤ እሱ ግን ኮሜዲ መሥራት እፈልጋለሁ ይላል። ማን ነው ግዴለሹ? የተሸከመውን ሰው የሚያስቀው ወይስ «ተሸክመሃልና አትሳቅ» የሚለው?

ደግሞ ይህ ዘውግ ለቅሶ አያውቅም የሚል ካለ በ1994 የወጣውን የእንግሊዞቹን «ፎር ዌዲንግስ ኤንድ ኤ ፊውነራል» ይመልከት። ስሙ ራሱ አራት ሰርግና አንድ ቀብር ነው። በሰርጎቹ ሲሳቅ ቆይቶ ከመካከላቸው አንዱ፣ ከሁሉ ይልቅ ሕይወት የሞላበት ሰው፣ ሰርግ ላይ ይሞታል። በቀብሩ ላይ የገጣሚው የኦደን ግጥም ሲነበብ ቅድም የሳቀው ተመልካች መሀረብ ይፈልጋል። ሰርግና ለቅሶ በአንድ ድንኳን ለሚያስተናግድ ሕዝብ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

አምስተኛውን ቶሎ ልጨርስ። «የሴቶች ነው» የሚለው ክስ እንዴት ክስ እንደሚሆን አልገባኝም። ቅዳሜና እሁድ ካፌ ሞልቶ ለአርሰናል የሚፈሰው የወንድ እንባስ በምን ይመዘገባል? እሱም ቢሆን በብዙ ዓመታት ውስጥ መጨረሻው የታወቀ ነበር።

«ንግድ ነው» የሚለው ደግሞ እውነት ነው፤ ፊልም ሁሉ ንግድ ነው። የግሪኮቹ ሰርግ ወጪው አምስት ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሆኖ በዓለም ዙሪያ ከ360 ሚሊዮን በላይ አስገብቷል። በ1990 የወጣው «ፕሪቲ ዉመን» በ14 ሚሊዮን ገደማ ተሠርቶ ከ450 ሚሊዮን በላይ አምጥቷል። ታዲያ ነገሩ የትርፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች በ2010ዎቹ ይህን ዘውግ ጥለው ወደ ልዕለ ጀግኖች ባልዞሩ። ዞሩ እንጂ። ሁለት ሰው ተቀምጦ ሲያወራ የሚያሳይ ፊልም አሻንጉሊት አይሸጥም፣ መዝናኛ ፓርክ አይገነባበትም። ነጋዴው ራሱ የናቀውን ዘውግ «የነጋዴ ነው» ብሎ መክሰስ ትንሽ ይከብዳል። በ2023 መጨረሻ «ኤኒዋን በት ዩ» የተባለው ፊልም ወጥቶ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲያስገባ ስቱዲዮዎቹ መደነቃቸው የሚያስቅ ነው፤ ተመልካቹ የትም አልሄደም ነበር።

አሁን ጸሐፊው በነጻ ወዳሰናበቱት ፊልም ልምጣ። ዊልያም ዋይለር በ1953 የሠራው «ሮማን ሆሊዴይ» ነው። «ይህ ግን ጥበብ ነው፤ ምክንያቱም በመለያየት ያልቃል» ብለዋል። ፊልሙን ስለወደዱት ደስ ብሎኛል፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን ምን እንደወደዱ ልብ ይበሉ። ሥርዓት የሰለቻት ልዕልት ሮም ውስጥ ካለው የሀገሯ ኤምባሲ ታመልጣለች፤ ጋዜጠኛ ያገኛታል። (ካፕራን አስታወሳችሁ?) ፀጉሯን ትቆረጣለች፣ ደረጃው ላይ አይስክሬም ትበላለች፣ ቬስፓ ይዛ ከተማውን ታተራምሳለች። የውሸታም እጅ ይበላል የሚባለው የድንጋይ አፍ ጋ ሲደርሱ ግሪጎሪ ፔክ እጁን ከቶ ይጮኻል፤ ሲያወጣው መዳፉ የለም፤ እጅጌው ውስጥ ደብቆታል። ለኦድሪ ሄፕበርን አስቀድሞ አልተነገራትም ነበርና ያየነው ድንጋጤዋ የእውነት ነው። ይህ ሁሉ ምንድን ነው? ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር አስቂኝ የፍቅር ፊልም ነው፤ ስኳሩም አልጎደለውም።

መጨረሻ ላይ ልዕልቲቱ በጋዜጠኞች ፊት ቆማ ከጎበኘቻቸው ከተሞች የትኛውን እንደወደደች ትጠየቃለች። የተጠናላትን የዲፕሎማት መልስ ትጀምራለች፣ ታቋርጠዋለች፣ ሮምን ትላለች። እሱ ገመድ የተበጀለት ሰልፍ ውስጥ ቆሞ ይሰማል። አዎ፣ ልብ ይሰብራል። ለምን ይሰብራል? ያን ያህል ሰዓት ሁለቱ አብረው ይሆናሉ ብለን ስንጠብቅ ስለቆየን ነዋ! ዋይለር የዘውጉን ቃል ኪዳን ተበድሮ ነው ያን ስንብት የገዛው። ሌሎቹ መቶ ፊልሞች ፍቅረኞቹን ባያገናኙ ኖሮ የዚህኛው መለያየት እንደ ማንኛውም የጋዜጣ መግለጫ ባለፈ ነበር። ጸሐፊው «መጨረሻው ይታወቃል» ብለው የኮነኑት ነገር ነው ያስለቀሳቸው።

ካላመኑኝ ቀላል መፈተኛ አለ። ፊልሙን ላላየ ጓደኛቸው የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ብቻ ቆርጠው ያሳዩት፤ ያለ አይስክሬሙ፣ ያለ ቬስፓው፣ ያለ ድንጋዩ አፍ። ጓደኛቸው «ይሄ ሰውዬ ማን ነው? ለምን እንዲህ ያያታል?» ብሎ ከጠየቀ የመጀመሪያውን ክሳቸውን ያንሱልኝ፤ በቀሩት አራቱ ላይ ለመከራከር ዝግጁ ነኝ።